ሽምብራና ወርቅ

ቢቸና፤ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለስርጉት፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺና ከቤትሽ ሁሉ ጋር ይሁን። የቢቸናው ጊዮርጊስ ለሞጣው ጊዮርጊስ አደራ ብሎ ይጠብቅሽ። እነሱ ሳይነጋገሩ አይቀሩም፤ የእኛ ስልክ ግን አንድ ቀን ነቅቶ አሥር ቀን ይተኛል። ደግነቱ ጎረቤትሽ ሙጀሂድ ለጨርቅ ንግዱ ወደዚህ ይመላለሳል። እሱ ባይኖር መኖር አለመኖሬን እንኳ የሚነግርሽ ባልተገኘ።

እኔ አለሁ። ጡረተኛ ሰው ምን ይሆናል? ጧት ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ከሰዓት ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሑድ ደግሞ ያቺ የለመድሻት ፖከራችን አለች። ባለፈው ቀሲስ ገብረ ማርያም ሲያልፉ አይተውን «መምህር፣ በዚህ ዕድሜ ቁማር?» አሉኝ። መደቡ ሽምብራ መሆኑን፣ የተሸነፈው እንደሚቆላና ያሸነፈው እንደሚበላ ሳስረዳቸው ስቀው ባርከውን ሄዱ። ከተሸናፊው ቆሎም አንድ እፍኝ ዘግነዋል።

አዲስ ሰው ገብቶልናል። ዘመነ ፀጉር አስተካካዩና ሐብታሙ ልብስ ሰፊው እንዳሉ ናቸው፤ አራተኛችን ግን ካረፈ ወዲህ ቦታው ባዶ ነበር። አሁን ከየጁቤ የመጣ አንድ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ተተክቷል፤ ስሙ ይታያል ነው። አስቢው እስቲ! ሕጉን ሳስተምረው «ባዶ እጁን የሆነ ሰው ሽምብራውን ከፍ አድርጎ ያስፈራራል፤ ያመነው ካርታውን ይጥላል፤ ያላመነው ይታይ! ይላል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንዳችን «ይታይ» ባልን ቁጥር የተጠራ እየመሰለው «አቤት» ይላል። ጨዋታው በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያ ህንዳዊው የፊዚክስ መምህር ሲሄድ የተወልኝ ካርታ አልቋል። የልብ ሰባት ከጠፋች ወዲህ በሻይ ቅጠል ካርቶን የሠራሁላት ምትክ አለች፤ በማን እጅ እንዳለች ከጀርባዋ ሁሉም ያውቃል። የቀሩትም ከማርጀታቸው የተነሳ ቀዩና ጥቁሩ አይለይም። አዲስ ፈልገሽ ላኪልኝ። ለዋጋው ካሸነፍኩት ሽምብራ ግማሽ ቁና ልኬልሻለሁ።

አንቺን የማሸንፍበትን ምስጢርም ዛሬ ልንገርሽ፤ አርጅቻለሁ፣ ይዤው ምን አደርጋለሁ። እጅሽ ሲሞላ «ጋሼ» ትይኛለሽ። ባዶ እጅሽን ስትሆኚ ግን «ጋሽዬ» ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጀምሮ እንደዚሁ ነሽ። የእኔን አታገኚውም፤ በካርታ አታልላለሁ እንጂ በቃል አልዋሽም።

ደግ ያሰማን።
አጎትሽ መምህር ፋንታ


ሞጣ፤ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ፋንታ፤

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜ ከጤና ጋር አምላክ ይስጥልኝ፤ ቤትዎን አይዝጋብኝ። ሽምብራው ደርሷል፤ ቆልተን በላነው።

ስለ እኔ ከጠየቁ ቆሜ እሄዳለሁ። አማቴ እማማ ሀብትነሽ መስከረም ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አሁን አልጋ ላይ ናቸው፤ የማነሳቸውም የማጥባቸውም እኔው ነኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪናውን ይዞ ከደጀን ወዲያ እንደቀረ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ ይላል። ትምህርት ቤቱ መምህር አጥሮት ሁለት ፈረቃ አስተምራለሁ። ጠመኔውን ይዤ ሰሌዳው ላይ ተደግፌ ያንቀላፋሁበት ቀን አለ፤ ተማሪዎቹ ደግ ሆነው ዝም አሉኝ።

ካርታው ይኸው። የሙጀሂድ ሚስት ዘሚራ ከሱቋ ፈልጋ አወጣችው። እሷም አንዳንድ ቀን አብራኝ ትጫወታለች፤ ግን ያለ መደብ ነው። «ሽምብራም ቢሆን መደብ መደብ ነው» ትላለች። ሁልጊዜ ታሸንፈኛለች፤ የሚያስፈራት ነገር ስለሌለ መሰለኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሙጀሂድ ደብዳቤውን ሲቀበልዎ እሱ በቀኝዎ ቆሞ እርስዎ ወደ ግራ እንደዘረጉለት ነግሮኛል። ቀስ ብሎ ዞሮ ነው የተቀበለዎ፤ እንዳያፍሩ ብሎ። ሐምሌ ላይ ስመጣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያለችውን አልረሳሁም። የዓይን ግፊት ነው፣ ጠብታው ብቻ አይበቃም፣ ባሕር ዳር ሐኪም ይየው፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማዳን ይቻላል ነበር ያለችው። መኪና ላይ አሳፍሬዎት «እሑድ ፖከር አለብኝ» ብለው ወረዱ። ያን ቀን ሳቅሁ። ባልስቅ ኖሮ ጥሩ ነበር።

መጥቼ ልወስድዎ እችላለሁ። እንዴት እንደምችል አላውቅም፣ ግን እችላለሁ። እርስዎ በቃል አልዋሽም ይላሉ፤ እንግዲያው በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። ያያሉ ወይስ አያዩም?

መልስዎን ሳልሰማ ወሩ አይውጣብኝ።
ልጅዎ ስርጉት


ቢቸና፤ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። እማማ ሀብትነሽንም እግዚአብሔር ይማርልሽ፤ የወደቀን የሚያነሳ እሱ ነው፤ አንቺንም ያንሳሽ። ጽሑፌ ከመስመር ቢወጣ በጠረጴዛው ፍረጂ፤ አንድ እግሩ አጥሯል።

ካርታው ደርሶኛል፤ ተባረኪ። አዲሱ ካርታ በረከት ይዞ ነው የመጣው መሰለኝ፣ አራት እሑድ በተከታታይ አሸነፍኩ! ባዶ እጄን ሆኜ ሽምብራ ስቆልልባቸው አንድ «ይታይ» የሚለኝ ጠፋ። ዘመነ ራሱ፣ ያ ለአንዲት ሽምብራ እስከ ዳኛ የሚሟገተው ሰው፣ «መምህር፣ ዘንድሮ እጅዎ ተባርኳል» ብሎኝ ካርታውን ይጥላል። ቁናው ሞልቶ ወደ ጆንያ ገልብጬዋለሁ።

እንከኑ አንድ ነው፤ የዛሬ ሰዎች ቁጥሩን ሲያሳንሱት! ቁጥሩ ጎላ ጎላ ያለ ካርታ ካገኘሽ ላኪ። ለእኔ ብዬ አይደለም፤ ሐብታሙም መርፌ ሲያይ ውሎ ዓይኑ ይደክማል።

ሙጀሂድን ስላንቺ ጠይቄው ከስታለች አለኝ። ስርጉት፣ አሮጊት ብቻሽን ስታነሺ ከወገብሽ ሳይሆን ከጉልበትሽ ተነሺ፤ ሚስቴን ይርጋነሽን ሳስታምም የተማርኩት ነው። መንገዱም መንገድ አይደለም። ሙጀሂድ ባለፈው ሲመለስ ደብረ ወርቅ ላይ ሁለት ቀን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከረመ። ይህን ሁሉ የምልሽ ወዲህ ወዲያ እንዳትይ ነው።

ስለ ዓይኔ በአንድ ቃል መልስ ብለሽኛል። በአንድ ቃል ይኸው፤ ይታያል።

በሰላም ያገናኘን።
አጎትሽ መምህር ፋንታ


ሞጣ፤ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሽዬ፣ እንደምን ከረሙ? እንኳን ከብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ። ሁላችንም ደህና ነን።

ይታያል ካሉኝ ወዲያ ምን እጠይቃለሁ ጋሽዬ? እፎይ አልኩ። ሐሳብ ሆኖብኝ ነበር። እንግዲያው ፋሲካ ይለፍና እመጣለሁ፤ እስከዚያ መንገዱም ይሻሻል ይሆናል፣ እማማ ሀብትነሽም በምርኩዝ ይቆሙ ይሆናል። ቁጥሩ ትልልቅ ካርታ ሞጣ የለም፤ ዘሚራ ካገኘሁ አስቀምጣለሁ ብላለች።

ብዙ ባልጽፍ አይዘኑብኝ ጋሽዬ፤ የፈተና ወረቀት ተከምሮብኛል።

ልጅዎ ስርጉት


ቢቸና፤ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። ጽሑፉ ካማረሽ የእኔ ስላልሆነ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ ይታያል ይጽፋል። እንደ ፍርድ ቤት ቃል አንድም ሳያስቀር ነው የሚጽፈው፤ አሁንም «ይህንንም ልጻፈው?» ይለኛል፤ ጻፈው ብዬዋለሁ።

ያለፈውን እሑድ ልንገርሽ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ነበር። አምስት ካርታ ደረሰኝ፤ ወደ ፊቴ አስጠግቼ አየኋቸው፤ አራቱ ቀይ ልብ ናቸው አልኩ። አንዷን ጥዬ ሌላ ሳብኩ፤ እሷም ቀይ መሰለችኝ። አምስት ልብ! በስንት ዘመን አንዴ የሚገኝ እጅ ነው። ፊቴ ያለውን ሽምብራ ሁሉ ገፋሁት። ዘመነ ጣለ። ሐብታሙ ጣለ። ልሰበስበው እጄን ስዘረጋ ይታያል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይታይ» አለኝ።

ስርጉት፣ ያን ቃል ጠረጴዛዬ ላይ ከሰማሁ ወራት አልፎኝ ነበር። እኔ ደግሞ በችሎታዬ መስሎኝ!

ካርታዬን ዘረጋሁ። ኋላ ይታያል አንድ በአንድ እየጠራ ነገረኝ፤ ከአምስቱ ልብ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ባዶ እጄን ነበርኩ። ዘመነ ተነስቶ ጮኸበት፤ ሽማግሌ ሰው ታዋርዳለህ ወይ አለው። ይታያል ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ «እናንተ ሽምብራ እንዲያሸንፍ እያዘናችሁለት ዓይኑን እየተሸነፈ ነው» አላቸው። ሦስት ወር ሙሉ አዝነውልኝ ኖሯል። ያን ጆንያ ሽምብራ ላየው አልፈልግም፤ ለቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ሰጠሁት።

በማግስቱ ይታያል እጄን ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። የግራው ዓይኔ ብርሃን ሄዷል። የቀኙ በበር ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ፊት ለፊቴ ያለችውን አያለሁ፣ ግራ ቀኙ የለም። ነርሷ ያው የሐምሌውን ነው የደገመችው፤ የቀረውን ማዳን ይቻላል፣ ግን ቶሎ።

አንድ ነገር ደግሞ ላጥራ። ታኅሣሥ ላይ «ይታያል» ስልሽ አልዋሸሁም። ያያሉ ወይ ስትይኝ የሚያይልኝ ይታያል ነው ማለቴ ነበር፤ ደብዳቤሽን ከኅዳር ጀምሮ የሚያነብልኝ እሱ ነው። አንቺ ሰሙን ይዘሽ ቀረሽ። ወርቁ ደብረ ወርቅ ላይ ከመኪናው ወርዶ ሰሙ ብቻ ሞጣ ገባ። ካንቺ ምንም ጥፋት የለም፤ ቅኔ ትቼ ሒሳብ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ካርታ አትላኪ። መነጽርም አትላኪ። ምንም አትላኪ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።
አጎትሽ መምህር ፋንታ፣ በይታያል እጅ


ሞጣ፤ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ፋንታ፤

ጋሼ፣ ጤናዎን ይመልስልኝ። መልሴ የዘገየው ሙጀሂድ በረመዳን መጨረሻ ከቤት ስላልወጣ ነው እንዳልልዎ፣ እሱ ቢወጣም እዘገይ ነበር። ወረቀት አውጥቼ የመለስኩበትን ቀን አልቆጥረውም። ይታያል ይህን ሲያነቡልዎ አንድም ሳያስቀሩ ያንብቡ።

ወርቁ ደብረ ወርቅ አልወረደም። ሞጣ ገብቷል፤ ቤቴ ገብቶ ከርሟል።

«ይታያል» የምትለዋን ቃል ሳነብ ጥቅምት ላይ የጻፉልኝ፣ «አቤት» የሚሉት ሰውዬ ወዲያው ትዝ አሉኝ። ጽሑፍዎ ከመስመር ወጥቶ ቁልቁል ሲሄድ እያየሁ፣ ትልልቅ ቁጥር ሲለምኑኝ እያየሁ፣ ዘመነ ካርታውን ጣለ ሲሉኝ እያየሁ እንዴት አይገባኝም? ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም? ሁሉም ገባኝ። ያን ቀን ግን እማማ ሀብትነሽን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አንሶላ ቀይሬ ነበር። ሁለት ፈረቃ ቆሜ ውዬ ነበር። ገንዘብም ጊዜም ጉልበትም አልነበረኝም፤ ከሁሉም ጉልበት። ደብዳቤውን አጣጥፌ «ይታያል ብሏል፤ እሱ በቃል አይዋሽም» አልኩና ጋደም አልኩ። እንቅልፍም ወሰደኝ ጋሼ። እርስዎ ይቅር ቢሉኝ እንኳ እኔ ያን እንቅልፍ ይቅር አልለውም። የግራ ዓይንዎ የሄደው እኔ ተኝቼ ነው።

ደክሞኛል። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም፤ ዘሚራ ስትጠይቀኝ እንኳ ደህና ነኝ ነው የምላት።

አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ እጄን ይዛ በርዎ ላይ ያቆመችኝን ያስታውሳሉ? ወደ እርስዎ እያሳየች «ፋንታሽ ይኸውልሽ» አለችኝ። ስምዎን ነው የነገረችኝ ወይስ ዕጣዬን፣ ያኔ አልገባኝም ነበር። እትዬ ይርጋነሽ ነፍሳቸውን ይማርና ውስጥ ታመው ተኝተው ነበር፤ እጅዎ ላይ የሚታጠብ ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ደክሞዎት ነበር። ግን እንደ ቢሮ ሰው «ይታያል» ብለው አልመለሱንም። «ግቢ» ነው ያሉኝ። ማታውን ሽምብራ ዘርግተው ካርታ አስተማሩኝ፤ እንዳላለቅስ።

አሁን ይስሙኝ። ለዘሚራ ሁሉን ነገርኳት። «እማማ ሀብትነሽ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ይሁኑ» ብላለች፤ ከልቧ ነው። ርዕሰ መምህሩም ፈቅደውልኛል። ሙጀሂድ መልስዎን አምጥቶልኝ እንደገና ሲሄድ ከሹፌሩ ጎን ቦታ ይዞልኛል። መምጣቱ ቀላል ነው፤ የምፈራው እርስዎን ነው። ደርሼ «ደህና ነኝ» ብለው ደጃፍዎ ላይ ቢቀመጡ፣ ወይም እንደ ሐምሌው ከመኪና ቢወርዱ ተሸክሜ አልወስድዎትም። ስለዚህ ከራስዎ አፍ ልስማው። ቅኔም፣ ሽምብራም፣ ደህና ነኝም አልፈልግም።

እኔ እጄን ዘርግቻለሁ። የእርስዎም ይታይ፣ ጋሼ።

ልጅዎ ስርጉት


ቢቸና፤ ሚያዝያ 1

ስርጉት፤

ይታያል ልጻፍልዎ ቢል እምቢ አልኩት። ፊደሉ ቢጋጭብሽ ታገሺ፤ እጄ እንጂ ዓይኔ አይደለም የሚጽፈው።

የጥር ወሩ ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ይታያል «ጋሽዬ» አለ። ሦስት ጊዜ አለ። ያኔውኑ አወቅሁ። ዝም ያልኩት እንድትተኚ ነው። ወርቁ ደብረ ወርቅ ወረደ ያልኩሽም መውጫ እንዲሆንሽ ነው፤ በቃል ስዋሽ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። ያን እንቅልፍ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ፤ ይቅር በይው።

ይታይ ብለሻል። ይኸው እጄ፤ ፈርቻለሁ። ካርታ ባላይ ግድ የለኝም። የሐምሌው ፊትሽ የመጨረሻዬ እንዳይሆን ነው የፈራሁት። ከመኪና አልወርድም።

ነይ።

ፋንታሽ